አያቶቻችን በብራናው ኅዳግ ላይ አሉ፤ ኑ እዩ!

እስከ ዛሬ ይህን ሳትነግሩኝ የት ነበራችሁ? ዋድላ፣ ኮን ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ የላስታን የብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየገለጥሁ ነው። በስልኬ! የማንንም ቢሮ ደጅ አልጠናሁም፤ የትብብር ደብዳቤ አላጻፍሁም፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ቄሰ ገበዝ ለተዝካር ወጥተዋል ያለኝም የለም። በአንድ የአሜሪካ የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ስሜንና ኢሜይሌን ሰጥቼ ተመዘገብሁ፣ ፈቃዱ መጣልኝ፣ ገባሁ። አምስት ሳንቲም አልተጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ቤተሰቡ "ምን ነካው?" እያለ ነው፤ የነካኝን ልንገራችሁ።

ያገራችን ሰው የዘርህን ታሪክ ፈልግ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ "እኛ ዘንድ መዝገብ የለም።" የፈረንጅ ልጅ ፋሚሊሰርች የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ውስጥ ገብቶ የቅድመ አያቱን የጥምቀት መዝገብ መዥለጥ ያደርገዋል። የድረ ገጹ ባለቤቶች የዩታ ሞርሞኖች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምረው የዓለምን መዝገብ በማይክሮፊልም ሲያነሱ ኖሩና፣ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ጥቅል ፊልማቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዲጂታል ለውጠው ጨረሱ። እኛ ግን የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ያየነው በ1976 ዓ.ም. ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ታውጆ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከአያት በላይ ያለው ሁሉ በሽማግሌ አፍ የተንጠለጠለ ነው፤ ሽማግሌው ሲያርፍ አብሮ ይቀበራል ይባላል።

የለም! መዝገብማ አለ። ማዘጋጃ ቤት አትፈልጉት፤ ያለው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። ቅጽ ላይም አልተሞላም፤ በወንጌል፣ በዳዊት፣ በተአምረ ማርያምና በስንክሳር ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው የተጻፈው።

አስቡት እስቲ፤ የድሮ ሰው ውል ሲዋዋል ወረቀት ከየት ያመጣል? ቢያገኝስ ማን ያስቀምጥለታል? ቤቱ ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ባላጋራ ይሰርቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ወንጌል ግን ይጠበቃል። ስለዚህ መሬት ሲሸጥ፣ ወንድምና እኅት ርስት ሲካፈሉ፣ ባለጠጋ ሲናዘዝ፣ ንጉሥ ጉልት ሲሰጥ፣ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ባገኘው ክፍት ቦታ ላይ ያሰፍረዋል። ሻጩ እገሌ ወልደ እገሌ፣ ገዢው እገሌ፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ወይም ይህን ያህል አሞሌ፣ ዋሱ፣ ዳኛው፣ የደብሩ አለቃ፣ ከዚያ ምስክሮቹ በተርታ። አራት ጣት በማይሞላ ኅዳግ ላይ የአንድ ሰፈር ሰው ተሰልፎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ማሰሪያው ውግዘት ነው፤ ይህን የፋቀ ወይም የሰረቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። የትኛው የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ነው እንዲህ የሚያስፈራው?

ሴቶቹን ደግሞ እዩልኝ! ዛሬ ዛሬ በቃል ሲቆጠር ወንድ ከወንድ ተያይዞ ይወርዳል፤ ሴት አያቶቻችን መንገድ ላይ ይቀራሉ። በኅዳጉ ላይ ግን ወይዘሮዋ በራሷ ስም ርስቷን ትሸጣለች፣ ትገዛለች፣ ታወርሳለች። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር ስሟን መዝለል አይቻልም። ከወንዶቹ ቆጠራ የወደቀች ቅድመ አያት የምትገኘው እዚህ ነው።

ሌላም አለ። የግል ዳዊት ከሆነ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ሲያልፍ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም አስፍቆ የራሱን ያስገባል። ገጹን በሁለት ጣት ስታሰፉት የተፋቀው ቦታ ቆዳው ሻክሮ፣ ጠጉሩ ተነሥቶ ይታያል። አዲሱ ስም በሌላ እጅ፣ በወፍራም ብዕር ተጽፎበታል፤ ስሙ ረዝሞ ቦታው ስላልበቃ የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመር ወጥታ ኅዳጉ ላይ ተንጠልጥላለች። ከሥሯ የፊተኛው ሰው ቀለም ፈዝዞ ይታያል፤ አንዲት "ወ" ገሚሷ ተርፋለች። እንግዲህ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ላይ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ምናልባት አባትና ልጅ!

ይህ ሁሉ ስልኬ ላይ እንዴት ደረሰ? እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ ተመራማሪዎች ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ይሉታል። ቤተ ክህነት አለበት፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አለበት፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቤኔዲክት መነኮሳት የብራና ቤተ መጻሕፍትም አለበት። መነኮሳቱ ይህን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያቋቁሙ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ቅርስ ላይ ያደረሰውን አይተው ነበር፤ ሌላ ጦርነት ሳይመጣ ፊልም ላይ እናስቀረው አሉ። እኛ አገርም እንዲሁ ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ። ጊዜውን ልብ በሉ! ንጉሡ ሲወርዱ፣ ቀይ ሽብር ሲነድድ፣ ሌላው ራሱን ለማዳን ሲሯሯጥ፣ እነዚህ ሰዎች ካሜራ ተክለው ቅጠል ይገልጡ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ ፊልሞቹን ወደ ዲጂታል እየለወጠ እኔም በተመዘገብሁበት በነጻው የኢንተርኔት የንባብ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጣል። በሰሜኑ ጦርነት፣ በ2013 ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አጠገባችን ያለችው ጋሸና ግንባር ሆና የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማን የዚህ አገር ሰዎች የዚህን ነገር ዋጋ በጆሯችን እናውቀዋለን።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ሆዴ አይረጋም። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በወታደር ጥይት ተመትተው እግራቸው አልታዘዝ አለ። በዓመቱ ኮሌጅቪል ገቡ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። እሳቸውና ዊልያም ማኮምበር የደከሙባቸው ዐሥር የካታሎግ ጥራዞች ከ1 እስከ 5000 ቁጥር ያሉትን መጻሕፍት ይዘዋል። የመጽሐፉን ርእስ ጽፈው ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? እሳቸው ግን የኅዳጉን ጽሑፍ ሁሉ ይለቅማሉ፤ ያስጻፈውን፣ የጻፈውን፣ የገዛውን፣ የሸጠውን። እ.ኤ.አ. በ1988 ማካርተር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት ተሸለሙ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። እኔ በበኩሌ በየገቢያው ሐውልት ቢቆምላቸው አይበዛም ባይ ነኝ።

ልማዱ እንግዲህ የትናንት አይደለም። የላሊበላን ቤተ መድኃኔ ዓለም ሁላችንም እናውቃለን፤ ንጉሥ ላሊበላ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጠው መሬት ተጽፎ የቆየው እዚያው ባለው ወንጌል ገጾች ላይ ነው። ወረድ ብሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 መካከል ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ የኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቁጥሩ 1832 ነው። ከየጁም፣ ከራያም፣ ከአምባሰልም ያላችሁ፣ ይህችን ቁጥር አስገቡና እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ እዩ።

የራሴን ነገር ልንገራችሁ። የአባቴ ወገን ከላስታ ወደ ዋድላ ተሻግሮ የመጣ ነው ይባላል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን ሲባል ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ከላስታ ወገን በሆነ አንድ ዳዊት መጨረሻ ቅጠል ላይ እጅግ የተጣደፈ ጽሑፍ አገኘሁ። ግማሹ ግእዝ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ቃላቱ የተቆራረጡ። ስልኬን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ወደ መሪጌታ ሄድሁ። ዋድላ መቼም በቅኔ ቤቱ ስሙን ያስጠራ አገር ነው፤ እንዲህ ያለውን እጅ የሚያነብ ሰው ለማግኘት ዩኒቨርሲቲ መሄድ አያስፈልገኝም፣ አጥር መሻገር ይበቃል። መነጽራቸውን ጠርገው ስልኩን በክንዳቸው ልክ አራቁት።

"ይኼን ከየት አመጣኸው?"

"ከአሜሪካ ነው፣ የኔታ።"

"የላስታን ዳዊት ከአሜሪካ!" ብለው በሳቅ ፈረሱ። "በል ወዲህ አስፋልኝ። ወደ ላይ... እህ፣ እዚያው ላይ ተው።"

እኔ ስታገልበት የነበረውን ጽሑፍ እሳቸው ውሃ አደረጉት። የመሬት ሽያጭ ነው። ሻጮቹ እኅትና ወንድም ናቸው። ዋጋው ጨው ነው። ወደ ምስክሮቹ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ቆመ፤ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"የቦታውን ስም አየኸው? ቆሎ ተማሪ ሆኜ እህል የለመንሁበት ሰፈር ነው እኮ! ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። ውሻቸው ክፉ ነበር።"

ከምስክሮቹ አንዱ የቅድመ አያቴን አባት ስም ከነአባቱ ይዟል። እሱ ነው ብዬ አልምልም፤ ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም በየመንደሩ ሞልቷል። ግን ስሙ ገጠመ፣ የአባቱ ስም ገጠመ፣ አገሩም ገጠመ! መሪጌታ "ጸሐፊው ቸኩሏል፣ አንተም አትቸኩል" ብለውኛል። ሰምቻለሁ፤ ግን ማን ይታገሣል?

ሽማግሌዎቻችን ድሮ እንዴት ያን ያህል ይቆጥሩ እንደነበር የገባኝም ይህን ሳነብ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ለርስት ግን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ነው፣ ያውም በእናትም በአባትም ቅርንጫፍ። ዳኛ ፊት ቀርቦ መቁጠር ያቃተው ሰው መሬቱ ቀረበት ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ አራሹ መሬት አገኘ፣ የርስት ሙግትም አበቃ። ከሙግቱ ጋር መቁጠሩም አበቃ፤ ማን ለምን ይቁጠር? ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ሦስተኛው አያት ላይ ስንደርስ ምላሳችን ይታሰራል። የቀረልን የጽሑፉ ቆጠራ ነው፤ እሱም ደግነቱ አዋጅ አይነካውም።

አንድ ጥበብ ላካፍላችሁ፤ ይህን ሳገኝ ብቻዬን አጨብጭቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን አይጽፉም፤ "በንጉሣችን በእገሌ ዘመን፣ በዘመነ ማርቆስ" ብለው ያልፋሉ። ምንም አይደል! ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ መካከል ዘመነ ማርቆስ የሚሆኑት 1850፣ 1854 እና 1858 ብቻ ናቸው። የደብሩ አለቃ ስም ካለበት ደግሞ ከሦስቱ ወደ አንዱ ትወርዳላችሁ። በጣም የቆየው ጽሑፍ ላይ ግን ዓመተ ምሕረት የሚለው በ532 ዓመት የሚዞረውን ዑደት ሊሆን ስለሚችል፣ የጌታቸው ኃይሌን "ባሕረ ሐሳብ" አጠገባችሁ አድርጉ።

ከብራናው ወጣ ስትሉም ድግሱ አያልቅም። ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ግቡና ክሌመንትስ ማርካም እ.ኤ.አ. በ1869 ስለ መቅደላ ዘመቻ ያሳተመውን መጽሐፍ ፈልጉ። ማርካም ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የጂኦግራፊ ሰው ነበር፤ የመጣበት መንገድ ደግሞ የእኛው ነው! በዋድላ ሜዳ አልፈው፣ የጅዳን ገደል ወርደው፣ ደላንታ ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው ነው መቅደላ የደረሱት። ዐፄ ቴዎድሮስም ከእነሱ ቀድመው ሴባስቶፖል የሚባለውን ትልቁን መድፋቸውን እያስጎተቱ ከቤተ ሖር ወደ ጅዳ የሚወርደውን መንገድ አስቆርጠዋል። በልጅነታችን ከብት የጠበቅንበት ሜዳ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ! ብቻ አጻጻፋቸውን መልመድ ነው፤ ዋድላን "ዋደላ"፣ ደላንታን "ታላንታ" እያሉ ስለጻፉ በትክክለኛው ስም ብትፈልጉ አታገኙም።

እናታችሁ "እኔ የተወለድሁት በአንቺም ዘመቻ ዓመት ነው" ትላለች? መጋቢት 1922 ዓ.ም. ነው፤ ራስ ጉግሣ ወሌ የወደቁበት፣ ያገሬው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ሲወርድ ያየበት ጦርነት። እንዲህ እያላችሁ የቤተሰቡን ወሬ ከዘመን ጋር ታስማማላችሁ፤ እኔ የዘመዶቼን ሁሉ ዕድሜ እየከለስሁ ስለሆነ የተቀየሙኝም አሉ።

የወሎ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ የሰባ ሰባቱን ረኃብና ሰፈራ ነገር እንዴት ትዘሉታላችሁ? ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና ፓዊ አሰፈረ። ስንቱ እኅትና ወንድም እዚያ ላይ ተቆራረጠ! ዛሬ የሰፋሪዎቹ ልጆች በፌስቡክና በቴሌግራም የአያታቸውን ስም፣ ቀበሌውንና ታቦቱን ጽፈው "የሚያውቅ አለ?" ይላሉ። መልስ ሲመጣላቸው አይቻለሁ፤ "የእኔ አጎት ነው!" የምትል አንዲት መስመር፣ ከሥሯ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ በድምፅ መልእክት የሚላክ ለቅሶ። በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ለሄዱ ልጆችም ቤተሰብ ፍለጋ የተባለ የመረጃ ቋት አለላቸው፤ የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቢከለከልም ቀድመው የሄዱት አድገው እናታቸውን እየጠየቁ ነው።

ሁሉም ማር ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የካታሎጉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ስማችን በላቲን ፊደል ነጥብና ጭረት ተጭኖበት ራሳችን አናውቀውም። የታተመው ካታሎግ 5000 ላይ ይቆማል፤ ብዙዎቹ የላሊበላ መጻሕፍት ከዚያ ወዲያ ስለሆኑ ኅዳጉን ራሳችሁ ገልጣችሁ ታነባላችሁ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በቀይ የተጻፈው ስም ይደበዝዛል። የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን የምታስቀምጠው የክርስቲያኑን ነው፤ ከእኛ መካከል ግን አንዱ አያት ገብሬ፣ ሌላው ሰይድ ያልሆነበት የወሎ ቤት ጥቂት ነው፤ የሰይድን ወገን በአረብኛና በዐጀም (ያገር ቋንቋ በአረብኛ ፊደል) በተጻፉት መጻሕፍት መፈለግ ነው። እና ምን ይሁን? ትናንት ምንም አልነበረኝም እኮ!

አሁን የእናቴን ወገን፣ የጋይንቱን፣ ጀምሬአለሁ፤ መሪጌታም የቅኔ መምህራቸውን የመምህር ሐረግ እንድፈልግላቸው አዝዘውኛል፤ ማታ ማታ "አገኘህ ወይ?" እያሉ በአጥር ይጠሩኛል። ካሜራ ያልደረሰበት ደብር ብዙ ነውና፣ ቤታችሁ የአያት ዳዊት ያላችሁ፣ ወይም ቄሰ ገበዙን የምታውቁ፣ በፈቃዳቸው ኅዳጎቹን አንሡልኝ። ፍላሽ አታብሩ፤ ከመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ በጎን ሲገባ የተፋቀው ይነበባል። ጽሑፉን ብቻ ቆርጣችሁ አታንሡ፤ ሙሉውን ገጽ፣ ከዚያ ኅዳጉን ቀረብ አድርጋችሁ፣ በመጨረሻም ሽፋኑን። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ለአክስታችሁ ደውሉና የሟቾቹን ሁሉ የክርስትና ስም ጻፉ፤ ያለዚያ ስም ኅዳጉ ላይ ቢያልፉም አታውቋቸውም። አክስት የክርስትና ስም ስትጠየቅ መጀመሪያ "ምን ልታደርገው ነው?" ትላለች፣ ያስጠነቁልብኛል ብላ ትጠረጥራለችና፣ ገጹን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ቀድማችሁ ላኩላት።